ሆዴና ፈተናው

ስለ ሆድ ማውራት ትንሽ ያሳፍራል። ቢሆንም ዶርም ውስጥ ሳነሳው ብዙዎቻችሁ «እኔንም እኮ ያመኛል» ስላላችሁኝ ለመጻፍ ደፈርኩ።

ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ሚድ ፈተና ላይ ሆዴን ቆረጠኝ። አንዴ ወጥቼ ተመለስኩ፤ ሁለተኛ ስጠይቅ ፈታኙ «ወረቀትሽን አስረክበሽ ውጪ» አለኝ። ምን ላድርግ፣ አስረክቤ ወጣሁ። በዚያ ዓመት አራት ጊዜ «አሜባ ነው፣ ጃርዲያ ነው» እየተባልኩ ሜትሮኒዳዞል ውጫለሁ፤ ሻል ይለኝና ተመልሶ ያው ነው። እናቴ ደግሞ «ብርድ መትቶሽ ነው» ባይ ናት። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ደምና ሰገራ አስመርምረው ምንም ሲያጡ «ኢሪቴብል ባወል ሲንድሮም ነው» አሉኝ። እኔ «ቁጡ አንጀት» ብዬዋለሁ።

ምርመራው ምንም ካላሳየ ሕመሙ ከየት መጣ? አንጀቱ አልቆሰለም፤ የታወከው አሠራሩ ነው። ነርቮቹ ከመጠን በላይ ስለሚነቁ ሌላው ሰው ልብ የማይለው ጋዝ ለእኛ ቁርጠት ይሆናል። አንጎልና አንጀት በነርቭ ስለሚገናኙም ጭንቀት ያብሰዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የሮም መስፈርት ሕመሙ ቢያንስ ከ6 ወር በፊት የጀመረና ባለፉት 3 ወራት በሳምንት ቢያንስ 1 ቀን የተመላለሰ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ከመጸዳዳት፣ ከሰገራ ድግግሞሽ ወይም ከመልኩ ለውጥ ከሁለቱ ጋርም መያያዝ አለበት።

አሁን ወደ ምግቡ። በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትንሹ አንጀት በደንብ የማይመጣቸውን፣ ትልቁ አንጀት ውስጥ ባክቴሪያ የሚያብላላቸውን ስኳሮች «ፎድማፕ» ብለው ሰየሙ። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ ውስጥ በብዛት አሉ። እንግዲህ ሽሮ ማለት ምን እንደሆነ አስቡት! በጾም ወራት ለምን እንደሚብስብኝ ያኔ ገባኝ። የሽንኩርቱ ስኳር በውሃ እንጂ በዘይት አይሟሟም፤ ስለዚህ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ጠብሶ ማውጣት ጣዕሙን ያስቀራል። ወጥ ግን ውሃ አለበት፣ አያድንም።

ደብተሬ ጀርባ ላይ የበላሁትንና የተሰማኝን ለ3 ሳምንት ጻፍኩ። እኔን የሚጎዳኝ እንጀራው ሳይሆን ወጡ ሆኖ ተገኘ። የካፌው ሽሮ ላይ ምርጫ ስለሌለኝ በግማሽ ቀነስኩ፤ ቤት ስሄድ እናቴ (አሁንም ብርድ ነው ትላለች) ድንችና ካሮት በዝንጅብልና በእርድ፣ ያለ ሽንኩርት ትሠራልኛለች። ቁርስ ዘልሎ ምሳ ላይ መከመር ተውኩ። ቡና አቦል ጠጥቼ እነሳለሁ፤ ቶናና በረካ ቀሩ። ሁሉን ነገር ለዘለዓለም መከልከል ግን ስህተት ነው፤ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ቀንሶ አንድ በአንድ እየመለሱ መሞከር ነው። ምስር በመጠኑ ችዬዋለሁ።

ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ፣ ሳታስቡት ከከሳችሁ፣ ትኩሳት ወይም ደም ማነስ ካለ፣ ሌሊት ሕመሙ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሳችሁ ግን ይህን ጽሑፍ ትታችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ባለፈው ፋይናል ዋዜማ ሩዝ ብቻ በልቼም ሆዴ ጮኸ፤ ጭንቀቱ በደብተር አይያዝ። ጠዋት ለፈታኟ ቀድሜ ነግሬ በር አጠገብ ተቀመጥኩ። አንዴም አልወጣሁም።