በጎተራ የሚገኙትን ታናናሽ ብሎች ለይቶ ስለ ማወቅ

በአማርኛ ልብስ የሚበላውንም፥ እህል የሚያበላሸውንም ታናሽ የእሳት እራት በአንድ ስም ብል እንለዋለን። ስማቸው አንድ ቢሆንም ነገዳቸው ልዩ ልዩ ነው፤ ጉዳታቸውም እንዲሁ። ስለዚህ «ጎተራዬን ብል ገባው» የሚል አቤቱታ ሲቀርብ፥ የትኛው ብል እንደ ሆነ አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል። የሰቆጣና የመላው ዋግ አገር በ1966ና በ1977 ዓ.ም. ጽኑ ረኃብ ያየ ስለ ሆነ፥ በዚያ ከጎተራ የሚጠፋው እህል ቀለብ ብቻ ሳይሆን የከርሞ ዘርም ነው።

አንደኛው የእህል ብል ነው። ክንፉ ሲዘረጋ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ይሆናል፤ መልኩ ገለባ ይመስላል። የኋላ ክንፉ ጫፍ እንደ ጣት የሾለ፥ ዳሩም በረዥም ጠጉር የተከበበ ነው።

ሁለተኛው የልብስ ብል ነው። መልኩ ወርቅማ ሆኖ በራሱ ላይ ቀላ ያለ የተንጨፈረረ ጠጉር አለው፤ ብርሃንም ይሸሻል። ትሉ ባናውንና በርኖሱን ይበላል እንጂ ማሽላውን አይነካም።

ሦስተኛው የዱቄት ብል ነው። የፊት ክንፉ ከሥሩ ነጣ ያለ ግራጫ፥ ወደ ጫፉ መዳብ የመሰለ ቀይ ነው። ትሉ ድር እያደራ ዱቄቱንና ፍሬውን ያያይዛል።

የክንፍ ቀለም በእጅ ሲነካ ስለሚረግፍ፥ የታመነው ምስክር እህሉ ራሱ ነው። የእህል ብል ትል በፍሬው ውስጥ ተሸሽጎ ይበላል፤ ክንፍ አውጥቶ በክብ ቀዳዳ እስኪወጣም ድረስ ፍሬው ደኅና ይመስላል። ጥቂት ማሽላ ወይም ገብስ በውኃ ላይ ቢበተን ባዶው ይንሳፈፋል፤ ተንሳፋፊውም ሲሰነጠቅ ትሉ ወይም የበላው ጕድጓድ ይታያል። ጤፍ ግን ፍሬው ደቃቅ በመሆኑ ለዚህ ትል ማደሪያ አይበቃም።

በፈረንሳይ አገር አንጉሙዋ በሚባል አውራጃ ይህ ብል እህሉን ስላጠፋው፥ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1760 ዓመት ዱሃሜል ዱ ሞንሶና ቲዬ የተባሉ ሊቃውንት ነገሩን እንዲመረምሩ ተላኩ፤ የመረመሩትንም በ1762 በመጽሐፍ አሳተሙት።

ብሉ ከእርሻው ጀምሮ ዕንቍላሉን በዛላው ላይ ስለሚጥል፥ የደረሰውን እህል ሳይዘገዩ ማጨድና መውቃት፥ በፀሐይ አድርቆ ማስገባት፥ ጎተራውን ጠርጎ መለቅለቅ፥ አዲሱንም ከአሮጌው አለመቀላቀል ይገባል። ነፋስ በማያስገባ ዕቃ የተዘጋ እህል ውስጥ ትሉ ታፍኖ ይሞታል።

የልብስ ብል አይቶ እህሉን በርካሽ የሸጠ ሰው ያለ ምክንያት ይጐዳል፤ የእህሉን ብል እንደ ልብስ ብል ቈጥሮ የተወው ግን በዘር ወራት ገለባ ይሰፍራል።