የወበቁ ምንጭ

ወበቁ ከደረት ይነሳና አንገትን ተሻግሮ ፊት ላይ ይነድዳል። ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፤ ብዙም ሳይቆይ ብርድ ብርድ ይላል። ካረጡ ሴቶች አብዛኞቹ ያውቁታል። ሐኪሞችም ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲቀንስ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር፤ የሆርሞን ማነስ ሰውነትን በየት በኩል እንደሚያግል ግን ለረጅም ጊዜ የሚያስረዳ አልተገኘም።

ፍንጩ የመጣው ከአስከሬን ነው። አሜሪካዊቷ የአንጎል በሽታ መርማሪ ዶክተር ናኦሚ ራንስ፣ ከሞቱ ሴቶች አንጎል ላይ ሃይፖታላመስ የሚባለውን ክፍል በስሱ እየቆረጡ በማይክሮስኮፕ ያዩ ነበር። ወደ 4 ግራም ብቻ የምትመዝነው ይህች ክፍል ረሃብን፣ ጥማትን፣ የሰውነት ሙቀትንና መዋለድን ትቆጣጠራለች። በዕድሜ ብዛት ሕዋስ ይመናመናል እንጂ ይፋፋል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ባረጡት ሴቶች ላይ ግን አንዳንድ የነርቭ ሕዋሳት ካላረጡት ይልቅ አብጠው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ1990 ሕዋሳቱ ኢስትሮጅንን የሚቀበሉ መሆናቸው ታወቀ፤ በ1991 ደግሞ ኒውሮኪኒን ቢ የተባለ መልእክተኛ ኬሚካል እንደሚያመርቱ ተረጋገጠ። ሲያረጋጋቸው የኖረው ሆርሞን ሲጠፋ ከልካይ አጥተዋል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ከወበቁ ጋር ምን አገናኘው? ብዙዎች ነገሩን የመዋለድ ጉዳይ ብቻ አድርገው ያዩት ነበር። መልሱን የሰጠችው አይጥ ናት። አይጥ የሰውነቷን ሙቀት በዋናነት የምታስወጣው በጅራቷ ቆዳ በኩል ነው፤ የራንስ ቡድን እነዚያን ሕዋሳት በመርዝ ሲያጠፋ የአይጦቹ ጅራት ቀዘቀዘ። ሕዋሳቱ በቆዳ ያለውን የደም ዝውውር ያዝዙ ነበርና። በ2015 የለንደን ተመራማሪዎች ኒውሮኪኒን ቢን ገና ላላረጡ ጤነኛ ሴቶች በደም ሥር ሲሰጧቸው ያው ወበቅ መጣባቸው። እኔን ከሁሉም በላይ ያሳመነኝ ይህ ሙከራ ነው፤ «የመንፈስ ጭንቀት ነው» እየተባሉ ለተሸኙ ሴቶች ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ከዚያ በኋላ የኬሚካሉን መቀበያ የሚዘጋ እንክብል መሥራት ቀረ። ፌዞሊኔታንት የተባለው መድኃኒት በግንቦት 2023 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ሕዋሳቱ ኢስትሮጅንን እንደሚቀበሉ ከታወቀ 33 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሆርሞን የለበትም፤ ስለዚህ ሆርሞን መውሰድ ለማይችሉ ሴቶች አንድ አማራጭ ነው። ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ግን ከመጀመሩ በፊትና በኋላም የደም ምርመራ ይፈልጋል። ደግሞም የሚያበርደው ወበቁን ነው፤ ለአጥንት መሳሳትና ለብልት መድረቅ አይረዳም። ወበቁን በማስታገስ ረገድ እስካሁን ቀዳሚው የሆርሞን ሕክምና ነው፤ ለማን እንደሚስማማ ግን ሐኪም የጡት ካንሰርንና የደም መርጋትን ታሪክ ጠይቆ ይወስናል።