ትራክተር ለምን የራያን ሜዳ ወደደ?
ጎብዬ ላይ የሚቆጠረው የፈረስ ጉልበቱ ሳይሆን የሥራ ቀኑ ነው

በአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ፣ በሆላንድና በጀርመን ትራክተር የእርሻ መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ የውድድር ስፖርትም ነው። ተወዳዳሪው 100 ሜትር በሚሆን መም ላይ አንድ ከባድ ተሳቢ ይጎትታል። መንገዱ በገፋ ቁጥር በተሳቢው ላይ ያለው ክብደት ወደ ፊት እየተንሸራተተ ይጫነዋል። ሞተሩ ያጓራል፣ ጭሱ ይትጎለጎላል፣ ብዙዎቹ 100 ሜትሩን ሳይጨርሱ ቆመው ይቀራሉ። አሜሪካኖች ይህን ውድድር ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያካሂዱት ቆይተው በ1969 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ማኅበር አቋቁመውለታል። ስፖርቱ የገነነባቸው አካባቢዎች ደግሞ በአጋጣሚ የተመረጡ አይደሉም። ማሳው ሰፊና ሜዳማ፣ ገበሬው ከአንድ በላይ ትራክተር ያለው፣ መካኒኩም በየመንደሩ የሚገኝበት አገር ነው። ትራክተር ለጨዋታ የሚተርፈው መጀመሪያ ሥራው ሲሞላለት ነውና።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ስፖርት አልተለመደም። የተለመደው ጉተታ ትራክተር ከበሬ ጋር የሚያደርገው ነው፤ የዚህም ውጤት ከአካባቢ አካባቢ እጅግ ይለያያል። በአርሲና በባሌ ትራክተርና ኮምባይነር ከገበሬው ጋር ከተዋወቁ ቆይተዋል። በሁመራና በመተማ ያለ ትራክተር እርሻ አይታሰብም። በምሥራቅ ጎጃም ደጋ ግን ማረሻው በአብዛኛው ከበሬ ጫንቃ አልወረደም። ሰሜን ወሎ ውስጥ ልዩነቱ በአንድ ዞን ውስጥ ይታያል። ከወልድያ ተነስቶ በመቀሌ መንገድ ጎብዬን፣ ሮቢትንና ቆቦን ለሚያልፍ ሰው ሜዳው ለትራክተር የተዘረጋ ይመስላል። በስተ ምዕራብ ቀና ብሎ የግዳንን ተዳፋት ለሚያይ ግን በሬ እንኳ እንዴት እንደሚቆምበት ግራ ያጋባል።

ለመሆኑ ገንዘቡን በትራክተር ኪራይ ላይ ሊያውል የሚያስብ ሰው ይህን ልዩነት እንዴት ሊያነበው ይገባል?

ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ ትራክተር የሚገባው ገበሬው ሀብታም በሆነበት ነው የሚል ነው። መልሱ ግማሽ እውነት እንኳ የለውም። የጎጃም ገበሬ በድርቅ ሲመታ ከኖረው ከራያ ገበሬ ደኸየ ተብሎ ትራክተር አልቀረበትም። ማሳው ትንንሽና የተበታተነ ነው፤ ጥቁር አፈሩ ሲርስ ጎማ ይውጣል፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። በሬውም ቢሆን መኖ ስላለው አይከሳም። በሬው የሚችለውን ሥራ ለትራክተር ከፍሎ የሚያሠራ ብልህ ገበሬ የለም።

አርሲና ባሌን ከፍ ያደረጋቸው በከፊል ታሪክ ነው። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን ዕርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ ይዞ ገባ። እርሻው ማትረፍ ሲጀምር ባለ መሬቶቹ ትራክተር ገዝተው ጭሰኞቻቸውን አስነሱ። መሬት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሆነና የመንግሥት እርሻዎች ተተኩ፤ በ1970ዎቹ አጋማሽም ናዝሬት ላይ በሶቪየቶች ዕርዳታ የተተከለው ፋብሪካ ቤላሩስ ትራክተር ይገጣጥም ጀመር። ሥርዓቱ ቢለዋወጥም ሾፌሩ፣ ብየዳ ሠሪውና የመለዋወጫ ነጋዴው እዚያው አካባቢ ቀሩ። የቀረው ምክንያት የዝናብ ነው። ባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል፤ ትራክተሩም ሁለት ጊዜ ይወጣል። ስንዴ በአንድ ቁመት በአንድ ጊዜ ስለሚደርስ ከእርሻው በኋላ ለኮምባይነሩም ገበያ አለው።

ራያ ቆቦ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,400 እስከ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። አፈሩ በምዕራብ ካሉት ተራሮች ጎርፍ ያመጣው ደለል ስለሆነ ለም ነው፤ የሚያንሰው ውሃ ነው። ማሽላ ተመራጩ የአካባቢው ሰብል ሲሆን እንደ ደጋሊትና ጅጉርቴ ያሉት ዘግይተው የሚደርሱ ነባር ዝርያዎች በበልግ ዝናብ፣ በሚያዝያ አካባቢ መዘራት ይፈልጋሉ። በልግ ከቀረ ገበሬው ሐሳቡን ቀይሮ በሐምሌ ፈጥኖ የሚደርስ ማሽላ ወይም ጤፍ ይዘራል። ከጎሊናና ከሆርማት ወንዞች ጎርፍ የሚጠልፈውም ቢሆን ውሃው ከማሳው ሳይደርቅ ማረስ አለበት።

ለትራክተሩ በሩን የከፈተለት ይኸው ነው። እርጥበቱ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ሲሆን ሁሉም ሰው በእነዚያው ቀናት ማረስ ይፈልጋል። የበልግ ዝናብ የሚመጣው ደግሞ ከረጅሙ በጋ በኋላ፣ በሬው መኖ አጥቶ በከሳበት ወቅት ነው። አንድ ጥማድ በሬ በቀን ሩብ ሔክታር ያህል ያርሳል። 90 የፈረስ ጉልበት ያለውና ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ የሚጎትት ትራክተር በተስተካከለ ማሳ ላይ በስምንት ሰዓት ሦስት ሔክታር ገደማ፣ ማለትም የ12 ጥማድ ሥራ ይሠራል። ገበሬው ከትራክተር የሚገዛው እርሻውን ሳይሆን ጊዜውን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኢንቬስተሩ የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ሰልፉን አይቶ ትራክተር ይገዛል፤ ሰልፉ ግን ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ የለም። ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። ከበልጉ 15፣ ከክረምቱ 15፣ በድምሩ 30 የሥራ ቀን ብናገኝና በቀን ሦስት ሔክታር ቢታረስ በዓመት 90 ሔክታር ነው። ማሳዎቹ ግማሽ ግማሽ ሔክታር ሆነው ተራርቀው ቢገኙና ግማሹ ቀን በጉዞና በመዞር ቢያልፍ ወደ 45 ይወርዳል። የባንክ ወለዱ፣ የኪራይ ግዢው ክፍያና የእርጅና ተቀናሹ ግን ለ45ም ለ270ም ሔክታር ያው ነው። ባሌ ላይ በሁለት ወቅት ሠርቶ ወደ ሌላ አካባቢ እየተዘዋወረ 90 ቀን የሚሞላ ሰው በሔክታር የሚያርፍበት ቋሚ ወጪ ከዚህኛው አንድ ስድስተኛ ብቻ ነው። ለአንድ ሔክታር የሚከፈለው የኪራይ ዋጋ ራያ ላይ ስለተወደደ ብቻ ትርፍ አለ ብሎ መደምደም አይቻልም።

ሁመራስ? እዚያም ወቅቱ አንድ ነው፤ ትራክተሩ ብዙውን ወር ቆሞ ይከርማል። ነገር ግን ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርሰው በመቶ ሔክታር የሚቆጠር የራሱን የሰሊጥና የማሽላ መሬት ነው። ትርፉን የሚያገኘው ከምርቱ እንጂ ከኪራዩ ስላልሆነ በቀን ብዛት አይጨነቅም። ጎብዬ ላይ ኪራይ የሚያስብ ሰው የሁመራን ምሳሌ መጥቀስ የለበትም።

ራያ ላይ ኮምባይነሩም አይረዳም። ነባሩ ማሽላ ረጅም ነው፤ አገዳው ደግሞ የከብት መኖ፣ ማገዶና የቤት መሥሪያ ስለሆነ ገበሬው ማሽን ሲፈጨው ዝም ብሎ አያይም። በነገራችን ላይ ጎብዬ የሚለው ስም በዘር ገበያም ይታወቃል። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማዳቀል ለ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት ከበቁባቸው ሥራዎች አንዱ በኢትዮጵያ የተለቀቀው ጎብዬ የተባለው ዝርያ ነው። እንዲህ ያሉ አጫጭርና ፈጥነው የሚደርሱ ዝርያዎች በሰፊው ከተዘሩ የማሽን አጨዳ ሊታሰብ ይችላል። ለጊዜው ግን ገበሬው እህሉን ብቻ ሳይሆን አገዳውንም ይቆጥራል።

የሥራ ቀን የሚጨምረው ዋናው ነገር የከርሰ ምድር ውሃ ነው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ሽንኩርትና ቲማቲም በበጋ እንዲመረት አድርገዋል፤ የመስኖ መሬት ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥም ይታረሳል። ስለዚህ ለትራክተር ቦታ የሚመርጥ ሰው ቀበሌውን ሳይሆን የሚሠራውን ፓምፕ ቢቆጥር ይሻለዋል። ትርፍ ቀኖቹን ተሳቢ ቀጥሎ እህል፣ አሸዋና ድንጋይ በማመላለስ የሚሞላም አለ። ደላላውም ቢሆን እዚህ ላይ እንጀራው ሐቀኛ ነው፤ ኩታ ገጠም የሆኑ 20 ገበሬዎችን በአንድ ቀን ያስመዘገበ ደላላ ለባለ ትራክተሩ ናፍጣና ሰዓት አትርፎለታል።

አደጋውን መደበቅ አይገባም። ጦርነቱ በሐምሌ 2013ም በነሐሴ 2014ም ቆቦ የደረሰው በክረምቱ የእርሻ ጊዜ ነበር። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮም ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገብቷል። ከወረዳ ወረዳ እየተዘዋወረ ካልሠራ የማያዋጣ ንብረት መንገድ ሲዘጋበት የሚከፍለው ዋጋ ከሌላው ይከብዳል። የእርሻ መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ በ2011 ዓ.ም. መፈቀዱ ጥሩ ማበረታቻ ነበር። ሆኖም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ዲስኩም፣ ፓምፑም፣ ጎማውም በዶላር የሚመጡ ናቸው።

ከባለሀብቱ ሒሳብ ውጭ አንድ ሌላ ሒሳብ አለ። በራያ በሬ የሌለው ገበሬ፣ በተለይም ባሏ የሞተባት ሴትና አቅመ ደካማው፣ መሬቱን ለባለ በሬ ሰጥቶ ምርቱን እኩል ይካፈላል። አንድ በሬ ያለው ከሌላው ጋር መቀናጆ ይገባል፤ ሁለቱም የሌለው ምርጫ የለውም። ትራክተር በጥሬ ገንዘብ ሲከራይ እነዚህ ሰዎች የእርሻውን ዋጋ ከፍለው ሙሉውን ምርት ሊያስቀሩ ይችላሉ። ግን ገንዘቡ የሚጠየቀው በሚያዝያና በሐምሌ፣ ጎተራው ባዶ በሆነበት ወር ነው። ባለ ትራክተሩ ያን ጊዜ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የኪራዩን ዋጋ እስከ ታኅሣሥ ታግሶ በእህል መቀበል ነው። ሁለተኛው እንደ ባለ በሬው መሬቱን በእኩል ወስዶ ራሱ ማረስ ነው፤ ጎን ለጎን የሆኑ ማሳዎችን ከያዘ ጉዞውም ይቀንስለታል፣ ትርፉም ይጨምራል። ለገንዘብ ቆጣሪው ሁለተኛው ያዋጣል። ለመሬቱ ባለቤት ግን በሬው በሞተር ተተካ እንጂ ድርሻዋ ከግማሽ አላለፈም።