ድምፁ ሳጥን ይገባል፣ ቆጣሪው አይገባም

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አዘዞን አልፎ በሚገኘው ፀዳ፣ ሳሎኑ ውስጥ የቢትኮይን ማሽን ለመትከል ያሰበ ሰው ቀድሞ የሚሰማው ትርፉን ሳይሆን ጩኸቱን ነው። በገበያው የታወቀው አንትማይነር ኤስ 19 ድምፁ 75 ዲሲቤል ይደርሳል። ይህም ሌሊቱን ሙሉ የማይጠፋ ቫኪዩም ክሊነር ሳሎን ውስጥ እንደማኖር ነው። ባለቤቱ ቢችለው እንኳ ጎረቤት አይችለውም። መፍትሔው አናጢ ጠርቶ ቡፌ የሚመስል፣ ውስጡ ድምፅ የሚያፍን ሳጥን ማሠራት ነው።

ሳጥኑን መሥራት ይቻላል። ይሁንና አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ድምፁን ሊያፍን ሲል አየሩንም ስለሚያፍን ነው። ማሽኑ የሚወስደው 3 ሺሕ 250 ዋት ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ይህ ማለት እንጀራ ከሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር የሚቀራረብ ሙቀት ነው፤ ልዩነቱ ምጣዱ እንጀራው ሲያልቅ ይጠፋል፣ ማሽኑ ግን አይጠፋም። ምጣድ ለኩሶ ቁምሳጥን ውስጥ የሚቆልፍ ሰው የለም።

ከፍታውም ሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት። ወደ ሳጥኑ የሚገባው አየር ሲወጣ በ15 ዲግሪ ብቻ ሞቆ እንዲወጣ ቢፈለግ፣ በባሕር ወለል ላይ በሰዓት 650 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ይበቃል። ወደ 2 ሺሕ ሜትር ከፍታ ባለው የጎንደር አካባቢ ግን አየሩ ስስ ስለሆነ ለዚያው ሥራ 820 ሜትር ኩብ ያህል ያስፈልጋል። የደጋው ብርድ የሚሰጠውን ጥቅም የአየሩ መሳሳት በከፊል መልሶ ይወስደዋል። ለቆላ ወይም ለውጭ አገር የተሠራን ንድፍ እንዳለ ገልብጦ ማሠራት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ድምፅን የሚያቆመው ክብደት ነው። ስለዚህ ወፍራም ዋንዛ ወይም ሁለት ድርብ ኤምዲኤፍ ከአንድ ስስ ቺፑድ ይሻላል። በሩ ዙሪያውን በጎማ መያዝ አለበት፤ ከሳጥኑ ግድግዳ አንድ መቶኛው ብቻ ክፍት ቢሆን ግድግዳው የቱንም ያህል ቢወፍር ከ20 ዲሲቤል በላይ መቀነስ አይቻልም። አየር ማስገቢያና ማስወጫ ደግሞ የግድ ክፍት መሆን አለባቸው። መላው፣ አየሩ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ሁለት ሦስት ጊዜ ታጥፎ በሰፊ መተላለፊያ እንዲያልፍ ማድረግና የመተላለፊያውን ውስጥ ድምፅ በሚመጥ ነገር ማልበስ ነው። አየር ይታጠፋል፤ ድምፅ ግን በየእጥፋቱ እየደከመ ይሄዳል። በዚህ መንገድ 20 ዲሲቤል ቢቀነስ ጆሮ የሚሰማው የመጀመሪያውን ሩብ ያህል ነው።

ለማልበሻ በየገበያው በቀላሉ የሚገኘው የፍራሽ ስፖንጅ ነው። እሱን መጠቀም አደገኛ ነው፤ ስፖንጅ እሳት ከያዘው በደቂቃዎች ውስጥ ይነድዳል፣ ጭሱም መርዝ ነው። ከድንጋይ የሚሠራው ሮክዉል ቢወደድም አይቀጣጠልም። የኤሌክትሪኩም ነገር እንዲሁ ነው። ማሽኑ ያለማቋረጥ 15 አምፔር ገደማ ስለሚስብ፣ በ16 አምፔር ሶኬት ላይ ከፍሪጅና ከካውያ ጋር ተጋርቶ መኖር የለበትም። ከቆጣሪው የተለየ መስመርና የራሱ ማቋረጫ ያስፈልገዋል።

ሳጥኑ ያለቀ ቀን ግን ጥያቄው ገና ይጀመራል። ማሽኑ በቀን 78 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በወር 2 ሺሕ 340 ይፈጃል። ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም ዙሪያ ያሉ ማሽኖች በሙሉ በቀን የሚካፈሉት አዲስ ቢትኮይን 450 ያህል ብቻ ነው። በ2017 ማብቂያ የመረቡ ጉልበት 1 ዜታሀሽ ደርሶ ነበር። በዚያ ልክ ሲሰላ ባለ 95 ቴራሀሹ ኤስ 19 በቀን የሚደርሰው 0.0000428 ቢትኮይን ገደማ ነው። ለስሌት ያህል አንዱ ቢትኮይን 100 ሺሕ ዶላር ቢሆን 4 ዶላር ከ28 ሳንቲም ይመጣል። ዶላሩ በ150 ብር ቢታሰብ፣ አንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ከ8 ብር ከ20 በላይ ሲያስከፍል ማሽኑ ይከስራል። የቢትኮይን ዋጋ በግማሽ ቢወርድ ጣሪያው 4 ብር ከ10 ይሆናል። በርካሽ የሚሸጠው አሮጌው ኤስ 9 ግን በ100 ሺሕ ዶላሩም ዋጋ ከ3 ብር በታች ላይ ይቆማል። ደላላ «ርካሽ ነው» የሚለው ማሽን ውድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ከ500 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ለሚጠቀም ቤት የቀድሞው ታሪፍ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ግን ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ተወስኗል። ስለዚህ ዛሬ የሚያዋጣ ሒሳብ ከሁለት ደረሰኝ በኋላ ላያዋጣ ይችላል። በኮንቴይነር የሚሠሩት ትልልቆቹ ኩባንያዎች ኃይሉን የሚገዙት ከማከፋፈያ ጣቢያ አጠገብ፣ በዶላር፣ በኪሎ ዋት ሰዓት 3 ሳንቲም ገደማ ነበር። ለእነሱም ቢሆን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ኢንጂነር አሸብር ባልቻ በ2017 ማብቂያ አዲስ ፈቃድ እንደማይሰጥ ተናግረዋል።

ሕጉም መታየት አለበት። ብሔራዊ ባንክ በ2014 በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ደግሞ በዚያው ዓመት ማብቂያ በማይኒንግ ሥራ የተሰማሩ እንዲመዘገቡ ጥሪ አድርጓል። ሳሎን ያለው ማሽን የሚያመጣውን ሳንቲም ባንክ ሄዶ የሚመነዝሩበት መስኮት የለም።

ይህን ሁሉ አስልቶ አሁንም ሳጥኑን የሚፈልግ ሰው ለአናጢው ቀብድ ከመስጠቱ በፊት አንድ ነገር ቢያዝ ይበጀዋል። የኋላው የአየር ቀዳዳዎች በብሎን የሚታሰር መክደኛ፣ መደርደሪያውም የሚነቀል ይሁን። ማሽኑ የወጣ ዕለት ዋንዛው የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ሆኖ ሳሎኑ ውስጥ ይቀራል።