ድንክ ፐፈር፦ ቀንድ አውጣ አዳኙ ዓሣ በይፋት ቆላ

ድንክ ፐፈር ዕድገቱን ሲጨርስ ርዝመቱ ከ2.5 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ነው። ጀርባው ወርቃማ አረንጓዴ ሆኖ በጥቁር ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ፣ ሆዱ ነጣ ያለ፣ ገላው ቅርፊት አልባ ነው። ሁለቱ ዓይኖቹ ለየብቻ ይዞራሉ፤ በአንደኛው ቅጠል ላይ የተለጠፈውን ቀንድ አውጣ ሲያይ በሌላኛው ከመስታወቱ ውጪ የቆመውን ሰው ያጤናል። እንደ ብዙዎቹ ዓሦች ጅራቱን እያወናጨፈ አይዋኝም። ትናንሽ ክንፎቹን እያርገበገበ ውሃው መካከል አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ሲፈልግ ወደ ኋላም ይሄዳል። ቤት ውስጥ ከሚያዙ ዓሦች መካከል የሚመግበውን ሰው እንዲህ ትኩር ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው። እኔ ለዚህ ዓሣ የማደላውም በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚያይም ነውና።

አገሩ ደቡብ ምዕራብ ሕንድ፣ በተለይም የኬረላ ወንዞችና ረግረጎች ናቸው። ሱንደር ላል ሆራ እና ናይር የተባሉ የሕንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1941 ለሳይንስ አስተዋወቁት። የፐፈር ወገን ዓሦች ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት፣ በድምሩ አራት ጥርስ አላቸው፤ ጥርሶቹ ተጋጥመው መንቆር ሠርተዋል፣ ዕድሜ ልክም ያድጋሉ። ሲደነግጡ ውሃ ጠጥተው ይነፋሉ። ብዙዎቹ በገላቸው ቴትሮዶቶክሲን የተባለ ብርቱ መርዝ ስለሚይዙ ለመብል አደገኛ ናቸው።

ኢትዮጵያም የራሷ ፐፈር አላት። በባሮና በኦሞ ተፋሰስ የሚገኘው ፋሃካ ከዓባይ ወንዝ እስከ ምዕራብ አፍሪካ የተሠራጨ ሲሆን ርዝመቱ ከ40 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። እሱን ቤት ውስጥ ለመያዝ በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። የሕንዱ ድንክ ግን ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ ገንዳ ሙሉ ሕይወቱን መኖር ይችላል።

ይህ ጽሑፍ ያንን ገንዳ ሸዋ ሮቢት ላይ እንዴት ማቆም እንደሚቻል ይናገራል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ጣርማ በርንና ደብረ ሲናን ወርደው የሚያገኟት፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የይፋት ቆላ ናት። ሽንኩርቱ፣ ማሽላው፣ ማንጎው በመስኖ ይለማል። ስለ ዓሣ ገንዳ የሚጻፉ መመሪያዎች አብዛኞቹ የቀዝቃዛ አገር ሰውን ያስባሉና መጀመሪያ የሚያዝዙት ማሞቂያ ነው። የቆላ ሰው ጭንቀት ተቃራኒው ነው። ድንክ ፐፈር የሚስማማው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ ውሃ ነው፤ የይፋት ቀን ደግሞ በሚያዝያና በግንቦት ከ30 ዲግሪ ያልፋል።

ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ በአንድ ሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ 30 ዲግሪ ሲደርስ 7.5 አካባቢ ይቀራል፤ ከፍታው ሲጨመርበት ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ገንዳው ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ርቆ፣ የቤቱ ቀዝቃዛ ግድግዳ ጥግ ላይ ይቀመጥ። የውሃው ፊት ሰፊ ይሁን፤ ረጅምና ጠባብ ገንዳ ለቆላ አይሆንም። በሐሩሩ ወራት ትንሽ ማራገቢያ በውሃው ፊት ላይ ቢነፍስ ሁለት ሦስት ዲግሪ ያበርዳል። ያን ጊዜ ግን ውሃው ቶሎ ይተንናል። የተነነው ንጹሕ ውሃ ነው፤ ጨውና ኖራው ገንዳው ውስጥ ይቀራል። በየጊዜው የጎደለውን ብቻ የሚሞላ ሰው ሳያውቀው ውሃውን እያከበደው ይሄዳል። በየሳምንቱ ከሩብ እስከ ሲሶውን ቀድቶ አውጥቶ በአዲስ መተካት ያስፈልጋል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለው በባልዲ አንድ ቀን ሙሉ ክፍት ሆኖ ይደር።

ለሦስት ድንክ ፐፈሮች፣ ማለትም ለአንድ ወንድና ለሁለት ሴቶች፣ 50 በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ይበቃል። እስከ አፉ ቢሞላ 45 ሊትር ይይዛል፤ አሸዋውና መስታወቱ ሲጨመሩ ከ50 ኪሎ ግራም ይበልጣልና የሚያርፍበት ጠረጴዛ የማይነቃነቅ ይሁን። ታች ውሃው እስኪጠራ ደጋግሞ የታጠበ ደቃቅ አሸዋ ይነጠፋል። ማጣሪያው በአየር ፓምፕ የሚሠራ ስፖንጅ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ፐፈር ኃይለኛ የውሃ ግፊት አይወድም፣ ስፖንጅም ርካሽና ለማጠብ ቀላል ነው።

ዕፅዋቱ ለጌጥ ብቻ አይተከሉም። ድንክ ፐፈር ትንሽ ቢሆንም ክልሉን በብርቱ ያስከብራል፤ ሁለት ወንዶች ፊት ለፊት ሲተያዩ ይባረራሉ፣ ክንፍ ይነካከሳሉ። ጠቡን የሚያበርደው መጋረጃ ነው። ዓሣው ከገንዳው አንድ ጫፍ ሆኖ ሌላውን ጫፍ ማየት እስከማይችል ድረስ ዕፅዋቱ ጥቅጥቅ ማለት አለባቸው። ቫሊስኔሪያ ረጃጅም ቅጠሉን ከኋላ ይዘረጋል፣ ሴራቶፊለም ሥር ሳያስፈልገው ተንሳፍፎ ያድጋል፣ ጃቫ ሞስ ድንጋይና እንጨት ላይ ይጣበቃል። ሦስቱም ብዙ ብርሃን አይሹም፤ በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት የሚበራ የኤልኢዲ መብራት ይበቃቸዋል። ከዓሣው ኩስ የሚወጣውን ናይትሬት እየመጠጡም ያድጋሉ። መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ግን እነሱም ኦክስጅን ይተነፍሳሉና በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ በመጠባበቂያነት መያዝ ብልህነት ነው።

ገንዳው ተሞልቶ፣ ተክሉ ተተክሎ፣ ዓሣው ገና አይገባም። ከዓሣ ኩስና ከምግብ ትራፊ አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያ መርዝ ነው፣ ውሃው በሞቀ ቁጥርም መርዝነቱ ይብሳል። አንድ ወገን ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ወገን ናይትራይቱን እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጠዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ስፖንጁና አሸዋው ላይ እስኪሰፍሩ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ በየሁለት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየጣሉ ባክቴሪያውን መመገብ ያስፈልጋል። ችኮላ ዓሣውን ይገድላል።

ይፋት ላይ እነዚህ ሳምንታት ሌላ አደጋም አላቸው። ዓሣ የሌለበት፣ የሞቀ፣ የረጋ ውሃ ለትንኝ የተመቸ ቤት ነው፤ አገሩ ደግሞ የወባ አገር ነው። ገንዳው ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በደቃቅ ሽቦ ወይም በስስ ሻሽ መከደን አለበት። አሮጌ አጎበር ለዚህ ሥራ የተመቸ ይመስላል፤ ሆኖም አጎበር የተነከረበት ፓይሬትሮይድ የተባለ ፀረ ትንኝ መድኃኒት በጣም ጥቂቱ እንኳ ዓሣ ይፈጃል። አጎበር የታጠበበት ባልዲም ለገንዳ ውሃ አይሆንም። ቤት ለወባ መከላከያ ሲረጭ ገንዳውን በፕላስቲክ ጠቅልሎ የአየር ፓምፑን ማጥፋት፣ ከተቻለም ዓሣውን ከነውሃው ወደ ሌላ ቤት ማዛወር ይገባል። ዓሣው ከገባ በኋላ የወደቀችውን እጭ ሁሉ ይለቅማል።

የምግቡ ነገር የዚህ ዓሣ አያያዝ ሁሉ ልብ ነው። ድንክ ፐፈር በአብዛኛው ደረቅ የዓሣ ምግብ ንቆ ይተዋል። የሚበላው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው፤ ከሁሉ አስበልጦ ቀንድ አውጣ። ፊት ለፊቱ ቆሞ ያጤነዋል፣ ጭንቅላቱ ከዛጎሉ ብቅ እስኪል ይጠብቃል፣ ከዚያ በአንድ ንክሻ ነጥቆ ይጎትተዋል። ስለዚህ ዓሣውን የሚያሳድግ ሰው ቀድሞ ቀንድ አውጣ አርቢ መሆን አለበት።

የሸዋ ሮቢት ነዋሪ ይህን ሲሰማ ዓይኑ ወደ መስኖ ቦዩ መሄዱ አይቀርም። አይሂድ። ቢልሃርዚያ በኢትዮጵያ ብዙ ወንዞችና የመስኖ ቦዮች የሚገኝ በሽታ ነው፤ የአንጀት ቢልሃርዚያ አስተላላፊዋ ባዮምፋላሪያ የምትባል ጠፍጣፋ ጥቅልል ዛጎል ያላት ቀንድ አውጣ ናት። በሽተኛ ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የጥገኛው እንቁላል ውሃ ውስጥ ይገባል፤ የሚፈለፈለው እጭ ቀንድ አውጣዋ ገላ ውስጥ ይራባል፤ ከሳምንታት በኋላ ሌላ ዓይነት እጭ ሆኖ ወደ ውሃው ይወጣና የሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። የታመመች ቀንድ አውጣ ከቦዩ ወደ ገንዳ ብትመጣ ይህንኑ ታደርጋለች፤ ቅጠል ለማስተካከል እጁን የነከረው ሰው፣ ምናልባትም ልጅ፣ ሊያዝ ይችላል። ለገንዳ የሚረቡት ጠፍጣፋ ቀንድ አውጣዎች የእርሷው ቤተሰብ ስለሆኑ በዓይን መለየቱ ለባለሙያም ያስቸግራል። ከቦይ የተነቀለ የውሃ ተክልም ቀንድ አውጣ ይዞ ይመጣል።

መውጫው ግልጽ ነው። የቢልሃርዚያ ጥገኛ ከእናት ቀንድ አውጣ ወደ እንቁላሏ አይተላለፍም። ከዓመታት ጀምሮ በገንዳ ውስጥ ሲረቡ የቆዩ፣ የሰው ዓይነ ምድር ካልነካው ውሃ የመጡ ቀንድ አውጣዎች ንጹሕ ናቸው፤ ተክሉም ከዚያው ዓይነት ገንዳ ይምጣ። ከዚያ በአንድ ሰፊ ማሰሮ ወይም በፕላስቲክ ዕቃ ለብቻቸው ማርባት ነው። የተቀቀለ ጎመንና ሰላጣ ይበላሉ፤ ዛጎላቸው እንዲጠነክር የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ይጨመርላቸዋል። ጎመኑ ፀረ ተባይ ከተረጨ ማሳ የመጣ ከሆነ በደንብ ታጥቦ ይቀቀል። ጥንካሬ ያለው ሹል ዛጎል የፐፈሩን ጥርስ ሊሰብር ስለሚችል ስስ ዛጎል ያላቸው ትናንሾቹ ይመረጡ። በቀን ወይም በሁለት ቀን አንዴ ጥቂት ፍሬ መጣል፣ ሆዱ በመጠኑ ሞላ ሲል ማቆም ነው።

ቀንድ አውጣና ቢልሃርዚያ ሲነሱ ዶክተር አክሊሉ ለማን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ግርጌ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተዋሉ፤ ከዚያ የተነሣው ምርምር የእንዶድን ቀንድ አውጣ ገዳይነት ለዓለም አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ይህ ለገንዳ ባለቤትም ቀጥተኛ ትርጉም አለው፦ እንዶድ ቀንድ አውጣንም ዓሣንም ይገድላልና እንዶድ የነካው ባልዲ ወደ ገንዳው አይቅረብ።

ዓሣው ሲመጣ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይገባል። ዝርያው በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለአደጋ ተጋላጭ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ለንግድ ሲባል ከኬረላ ወንዞች በብዛት ተጠምዷል። በገንዳ የተራባውን መምረጥ ለወንዙም ለገዢውም ይበጃል፤ ከዱር የተያዘው ብዙ ጊዜ የአንጀት ትል ይዞ ይመጣልና። ሕያው ዓሣ ወደ አገር ማስገባት የመንግሥት ፈቃድ የሚጠየቅበት ጉዳይ መሆኑም አይረሳ። ዓሣውን በመረብ ከውሃ ማውጣት አይገባም፤ ደንግጦ አየር ሊውጥ ይችላል። ከነውሃው በኩባያ ይዛወር።

ወንዱ ሲጎለምስ ሆዱ ላይ ጠቆር ያለ መስመር፣ ከዓይኑ ጀርባም የተሸበሸቡ ቀጫጭን መስመሮች ይታዩበታል፤ ሴቷ ድቡልቡል ናት። ተስማምተው ከሰነበቱ ጃቫ ሞሱ ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ፤ በአምስት ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ወላጆች እንቁላሉን ስለሚበሉ ሞሱን ከነእንቁላሉ ወደ ሌላ ዕቃ ማዛወር ያሻል። ጫጩቶቹ በመጀመሪያው ሳምንት በዓይን የማይታዩ የውሃ ነፍሳትን፣ ቀጥሎም አዲስ የተፈለፈሉ ጥቃቅን ቀንድ አውጣዎችን ይበላሉ።

የተረፈውን ዓሣም ሆነ የተከረከመውን ተክል ወደ ሮቢ ወንዝ ወይም ወደ መስኖ ቦይ መጣል ፈጽሞ አይገባም። ሮቢም ሆነ ሌሎቹ የይፋት ወንዞች ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፤ መጤው የውሃ አረም እምቦጭ በጣና ሐይቅ ላይ ያደረገውን አይተናል። ዓሣው ለሌላ አሳዳጊ ይሰጥ፤ ተክሉ ፀሐይ ላይ ደርቆ ይቃጠል፤ ከገንዳው የሚቀዳው ውሃ ደግሞ ናይትሬት የበዛበት በመሆኑ ለጓሮ ፓፓያና ቃሪያ ይፍሰስ።