ሌዘሩ ሜልቦርን፣ ወባው አዳማ

አዳማ አድጎ በቤቱም በጎረቤቱም ወባ የያዘው ሰው አይቶ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። ምርመራውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጣት ይወጋል፣ ጠብታ ደም መስታወት ላይ ትቀባለች፣ ትደርቃለች፣ ጂምሳ የሚባል ቀለም ይፈስባታል። ባለሙያዋ አንድ ሺህ ጊዜ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ላይ ጎንበስ ትልና "ቫይቫክስ ነው" ወይም "ፋልሲፓረም ነው" ትላለች። መድኃኒት ይዞ ወደ ቤት ነው እንግዲህ።

አንዴ የላቦራቶሪ ባለሙያ የሆነ ጓደኛዬ በዚያ ማይክሮስኮፕ አሳይቶኛል። ቀይ የደም ሴል ውስጥ ቀለበት የምትመስል ሰማያዊ ነገር፣ ጫፏ ላይ ቀይ ነጥብ። ቆንጆ ናት፣ ለወባ እንዲህ ማለት ከተቻለ። ግን የሞተች ናት። ደርቃ፣ ቀለም ጠጥታ አልቆላታል። ሕክምና ለመጀመር ይህ ይበቃል፤ የትኛው ወባ እንደሆነ ማወቅ ነው ዋናው። እንዴት ሴሉን ሰብራ እንደገባች፣ ገብታ ምን እንዳደረገች ግን አይነግረንም። ፎቶ እንጂ ቪዲዮ አይደለም።

ቪዲዮውን የሚቀርጹት የሌዘር ማይክሮስኮፖች ናቸው። ተራው ማይክሮስኮፕ ሴሉን በሙሉ በአንድ ጊዜ ስለሚያበራው ከላይና ከታች ያለው ሁሉ ተደራርቦ ምስሉ ይደበዝዛል። ማርቪን ሚንስኪ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1957 የፈጠራ መብት የጠየቀበት "ኮንፎካል" ማይክሮስኮፕ ግን አንዲት ነጥብ ብቻ ያበራና ከሌላ ጥልቀት የሚመጣውን ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ያስቀረዋል። ሌዘር የተጨመረበት በኋላ ነው። ነጥብ በነጥብ፣ ንጣፍ በንጣፍ ተቀርጾ ኮምፒውተር ሲገጣጥመው ሴሉ ከነውስጡ በሦስት አቅጣጫ ይታያል።

ችግሩ ሌዘር የሚያየውን ነገር ያቃጥላል። መተሐራ ላይ በእኩለ ቀን ፀሐይ ሁለት ሰዓት ቆማችሁ ፎቶ ተነሡ ብትባሉ አስቡት፤ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ፎቶ የእናንተን ሳይሆን የመከራችሁን ነው። ስለዚህ የዘርፉ የአሥርት ዓመታት ትግል ብርሃኑን መቀነስ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው "ላቲስ ላይት ሺት" የሚባለው ዘዴ እንደ ወረቀት የሳሳ ብርሃን ከጎን ይልካል፤ የሚበራው በዚያች ቅጽበት የሚቀረጸው ንጣፍ ብቻ ነው፣ ሌላው የሴሉ ክፍል ጨለማ ውስጥ ያርፋል።

እ.ኤ.አ. በ2021 ሜልቦርን፣ አውስትራሊያ የሚገኘው የዋልተር ኤንድ ኤሊዛ ሆል ተቋም ተመራማሪዎች በዚህ ዘዴ የወባ ተሕዋስ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ስትገባ ቀረጹ። ሴሉ ይጎደጉዳል፣ ይታጠፋል፣ ተሕዋሷ ትሰምጣለች፣ ከዚያ በራሷ ከረጢት ተጠቅልላ ትቀመጣለች። ያስገረመኝ፣ ከረጢቱ በአብዛኛው የተሠራው ከራሱ ከደም ሴሉ ሽፋን መሆኑ ነው። ቤት ሰብሮ ገብቶ የባለቤቱን መጋረጃ ቀዶ ብርድ ልብስ እንደሚያደርግ ሌባ በሉት።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ አዳማ የሚመለሰው። የሜልቦርኗ ተዋናይ ፋልሲፓረም ናት። እሷን እ.ኤ.አ. በ1976 ትሬገርና ጄንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ላቦራቶሪ ውስጥ ማራባት ስለቻሉ ዛሬ የትም አገር በብልቃጥ ትገኛለች። ቫይቫክስን ግን እስከ አሁን በዘላቂነት ማራባት አልተቻለም። የምትገባው ገና ከአጥንት መቅኔ የወጡ ለጋ ቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ነው፤ እነሱ ደግሞ ጤነኛ ሰው ውስጥ ከመቶ አንድ ገደማ ብቻ ናቸው። ሕያው ቫይቫክስ የፈለገ ሰው ትኩስ የሕመምተኛ ደም ይፈልጋል። በረዶ ቤት ከትቶ መላክ ይቻላል፤ ከቀለጠች በኋላ ግን ብዙ አትቆይም። ኢኮኖሚክስ ስማር "ከቦታው የማይንቀሳቀስ ሸቀጥ" የሚለውን ነገር በፀጉር ቤት ምሳሌ ነበር የተማርኩት። ከባቱ ሐይቅ ዳር የሚበላ ትኩስ ዓሣ የተሻለ ምሳሌ ነበር፤ ቫይቫክስም እንደሱ ናት።

ለምን እኛ ጋ በዛች ለሚለው መልስ አለ። ቫይቫክስ ወደ ሴሉ ለመግባት በዋናነት "ዳፊ" የሚባል የሴል ላይ መያዣ ትጠቀማለች። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ አብዛኛው ሰው ይህ የለውም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ብዙዎቻችን አለን። አዲስ አበባ የሚገኘው አርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም ከአዳማ ሕመምተኞች የተወሰደ ትኩስ ደም በሰው ሠራሽ ሽፋን በኩል ለትንኞች እያጠባ ወባ እንዴት እንደሚተላለፍ ሲያጠና የቆየው በዋዛ አይደለም። ሥራው ሕመምተኛው አጠገብ ካልሆነ አይሠራም።

ቫይቫክስ ደግሞ ተመላላሽ ናት። ጉበት ውስጥ ተኝታ ከወራት በኋላ ትነሣለች፤ ሰውየው አዲስ ትንኝ ነከሰኝ ብሎ ያስባል። የተኛችውን የሚገድለው ፕሪማኩዊን በተለምዶ 14 ቀን ይዋጣል፤ ትኩሳቱ ከለቀቀው በኋላ 14 ቀን ክኒን የሚጨርስ ስንቱ ነው? የተሻለ መድኃኒት ለማግኘት ስትተኛና ስትነቃ በዓይን ማየት ይረዳል። ቫይቫክስ በእጅ ስለሌለች ግን ብዙ ተመራማሪ በእሷ ምትክ የጦጣ ወባ እያየ ነው። ከቆቃ ግድብ ዙሪያ እስከ መተሐራ ዋናዋ ሞልታ እያለች!

ታዲያ ለየዩኒቨርሲቲው ኮንፎካል እንግዛ? እኔ አልልም። ዋጋው በመቶ ሺዎች ዶላር ነው፤ መብራት መጥቶ ሲሄድ ሌዘሩ ይጎዳል፣ ጠጋኙም በዶላር ነው የሚመጣው። ተማሪ እያለሁ ማንም ሳይነካው በላስቲክ ተሸፍኖ የሚኖር ውድ መሣሪያ አይቻለሁ፣ ስሙን ልለፈው። ከመሣሪያው በፊት የሚያንቀሳቅሰው ሰው ደመወዝ በጀት ይያዝለት ባይ ነኝ። ርካሽ መንገድም አለ። "ኦፕንስፒም" የሚባል ላይት ሺት ማይክሮስኮፕ ንድፉ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለማንም ክፍት ነው፤ ክፍሎቹን ገዝቶ መገጣጠም ነው። እንደ ሜልቦርኑ አይረቅም፣ ለመማሪያ ግን ከበቂ በላይ ነው፤ የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ቢያደርጉት ደስ ይለኛል።

ትልቁ መሣሪያ አንድ ብቻ ከሆነ አዲስ አበባ ቢቀመጥም ችግር የለውም። የፍጥነት መንገዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት አዳማ የተቀዳ ደም ከምሳ በፊት ሌዘሩ ሥር ይደርሳል። ወባ የሚበረታው ከክረምቱ መውጫ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ በእነዚያ ወራት ቅድሚያው የወባ ይሁን፣ በቀሩት ወራት የቲቢና የካንሰር ተመራማሪዎች ይሰለፉበት።