ሮሙላኖች ከማን ጋር ቢቆሙ ይሻላቸው ነበር?

ባለፈው ሳምንት ከሥራ መልስ ሻይ ለመጠጣት ከባልንጀሮቻችን ጋር እንደ ተቀመጥን አንድ ብርቱ ክርክር ተነሥቶ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ድረስ አቆየን። ያከራከረን ነገር ኳስም ደመወዝም አልነበረም፤ በየትኛውም ካርታ ላይ የማይገኙ የጠፈር መንግሥታት ያደረጉትና ሊያደርጉት ይችሉ የነበረው የጦር ኪዳን ነው። አንባቢ «እነዚህ ልጆች ሥራ ፈትተዋል» ቢለን አንቀየምም፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው ቢያዳምጠን ጨዋታው የሚመስለውን ያህል ቀላል እንዳልሆነ ያስተውላል ብለን እናምናለን።

ስታር ትሬክ የተባለው የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ ፊልም በአሜሪካ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው በ1966 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በታሪኩ ውስጥ ምድራችን ከሌሎች ዓለማት ጋር ፌዴሬሽን መሥርታ ትኖራለች፤ ሁለት ታላላቅ ባላጋሮችም አሉባት። አንደኞቹ ክሊንጎኖች ናቸው፤ እነርሱም በጦር ሜዳ ካልሞቱ የኖሩ የማይመስላቸው ተዋጊዎች ናቸው። ሁለተኞቹ ሮሙላኖች ሲሆኑ ምሥጢር የሚወዱና ነገርን ከሩቅ የሚያሰሉ ሰዎች ናቸው። ጊዜው የቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ ስለ ነበረ ተመልካቹ ክሊንጎኖችን ከሶቪየት ኅብረት ጋር ለማመሳሰል አልተቸገረም። በ1968 በታየ አንድ ክፍል ሮሙላኖች በክሊንጎን ንድፍ በተሠሩ መርከቦች ሲጓዙ ታዩ፤ ስለ ነገሩ የተነገረው ግን እጅግ ጥቂት ነበር። የታሪኩ ወዳጆች ከዚያች ጥቂት ቃል ተነሥተው ሁለቱን መንግሥታት አዋዋሉ፤ መርከብ በዕውቀት አለዋወጡ፤ ኋላም አጣልተው ለያዩአቸው። ለዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ይህን የምታህል ቀዳዳ ትበቃዋለች።

ደራሲዎቹም ራሳቸው ጨዋታውን ይጫወቱታል። በ1990 በታየው «የትናንቷ ኢንተርፕራይዝ» በተባለው ክፍል፣ ክሊንጎኖችን ከሮሙላኖች ጥቃት ለማዳን ስትዋጋ የነበረች አንዲት የፌዴሬሽን መርከብ ከውጊያው መካከል ተሰውራ ሃያ ሁለት ዓመት ወደ ፊት ዘልላ ትገኛለች። ከዚህ የተነሣ የታሪኩ መንገድ ይለወጣል፤ ፌዴሬሽኑና ክሊንጎኖች ወዳጆች መሆናቸው ቀርቶ ለብዙ ዓመታት ሲተላለቁ ይታያሉ፤ ፌዴሬሽኑም ለመሸነፍ ተቃርቧል። ነገሩ እንዲስተካከል መርከቧ ወደ ጥንቱ ቦታዋ ተመልሳ መጥፋት አለባት። ይህን ክፍል የምንወድበት ምክንያት አለን። ወዳጅነቱን ያቆመው የመርከቧ ማሸነፍ አይደለም፤ ተሸንፋለችና። ክሊንጎኖች ያልረሱት ሌላው ሰው ለእነርሱ ሲል መሞቱን ነው።

ወደ ክርክራችን እንመለስ። ያጣላን ከ1993 እስከ 1999 የታየው «ዲፕ ስፔስ ናይን» የተባለው ተከታታይ ነው። በዚህኛው ታሪክ ዶሚንየን የተባለ ኃይለኛ መንግሥት በጠፈር ውስጥ ከተገኘ መሹለኪያ ማዶ ይኖራል፤ ገዢዎቹም መልካቸውን እንደ ፈለጉ የሚለዋውጡ ፍጥረቶች ናቸው። ሰውም ወንበርም ጭጋግም መሆን ይችላሉ። እንዲህ ያለ ጠላት ሲመጣ ወዳጅ የተባለው ወዳጅ ለመሆኑ ማን ዋስ ይሆናል?

በ1995 በታየው ክፍል የካርዳሲያኖችና የሮሙላኖች የስለላ ድርጅቶች ከየመንግሥቶቻቸው ተደብቀው ተስማሙና ሃያ መርከብ አሰልፈው የዶሚንየንን ገዢዎች በገዛ አገራቸው ለመደምሰስ ዘመቱ። በስፍራው የጠበቋቸው ግን መቶ ኀምሳ የጠላት መርከቦች ነበሩ። ለካስ አብሯቸው የዘመተው የሮሙላን ኮሎኔል ራሱ መልኩን የለወጠ የዶሚንየን ሰው ኖሯል!

ከዚያ በኋላ የሆነውን በተራ መናገር ያስፈልጋል፤ የክርክሩ ሥር እዚህ ላይ ነውና። የካርዳሲያ የስለላ ድርጅት ሲሰበር በጦር መኮንኖቹ አገዛዝ የተማረረው ሕዝብ ሲቪል መንግሥት አቆመ። ክሊንጎኖችም ይህ ለውጥ የመልከ ለዋጮቹ ሥራ ነው ብለው ካርዳሲያን ወረሩ፤ ፌዴሬሽኑ ወረራውን ስላወገዘም የቆየው የሁለቱ ውል ፈረሰ። የተዋረደችው ካርዳሲያ በ1997 ጉል ዱካት በተባለው መኮንን አማካይነት ወደ ዶሚንየን ገባች። የገባችው ክብሯን ለማስመለስ ነበር። በ1999 ታሪኩ ሲያልቅ ከ800 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝቧ ሞቷል፤ እንዲጨፈጨፍ ያዘዘችውም የዚያው የአጋሯ መሪ ነበረች።

ከመካከላችን በሒሳብ ሥራ ላይ ያለው ባልንጀራችን በወረቀት ላይ ሠንጠረዥ አስምሮ የየመንግሥቱን መርከብ ሲደምርና ሲቀንስ አመሸ። በእርሱ አስተያየት ካርዳሲያኖችና ሮሙላኖች መርከባቸውን ዐሥር እጥፍ ቢያደርጉት ኖሮ ጦርነቱ ገና ሳይጀመር ያልቅ ነበር። እኛ በዚህ አንስማማም። የጎደላቸው መርከብ አልነበረም። ኪዳኑ በሁለት የስለላ ቤቶች መካከል ስለ ተደረገ ዘመቻው ሲከሽፍ አብሮ ሞተ። በየምክር ቤቱ ተመክሮበት፣ አምባሳደሮች ተመላልሰውበት፣ በአደባባይ ተፈርሞ ቢሆን ኖሮ መርከቦቹ ቢጠፉም ውሉ ይቀር ነበር፤ ክሊንጎኖችም ካርዳሲያን ከመውረራቸው በፊት ከበስተጀርባዋ የቆሙትን ሮሙላኖች ማሰብ ግድ ይሆንባቸው ነበር። «ምሥጢሩ ለጠላት ይወጣ ነበር» ብሎ የሚከራከረን አለ። ምሥጢሩማ ከጠላት መች ተሰወረ? የተሰወረው ከገዛ ወገን ብቻ ነው።

ሮሙላኖች ግን በ1997 ከዶሚንየን ጋር ላለመጠቃቃት ተዋዋሉ። ባለ ሠንጠረዡ ባልንጀራችን «ይህ ብልኅነት ነው፤ ሁለቱ ሲዳከሙ ሦስተኛው ይተርፋል» አለ። እኛም ሂትለርና ስታሊን በኦገስት 23 ቀን 1939 ያደረጉትን ውል አስታወስነው። ያ ውል ሁለት ዓመት ሳይሞላው በጁን 22 ቀን 1941 የጀርመን ጦር ድንበሩን ተሻገረ። ባልንጀራችን ለጊዜው ዝም አለ።

ዝምታው ግን ብዙ አልቆየም፤ የሚከብደው ነገር ገና ነበርና። በ1998 በታየው ክፍል የጠፈር ጣቢያው አዛዥ ካፒቴን ሲስኮ ሮሙላኖችን ከጎኑ ለማሰለፍ ፈልጎ፣ ዶሚንየን እነርሱን ለመውረር ሲመክር የሚያሳይ የሐሰት ቅጂ አሠራና ያንን ውል ለተዋዋለው ለሴናተር ቭሪናክ አሳየው። ሴናተሩ የዋዛ ሰው አልነበረም፤ ሐሰት መሆኑን ነቃበት። ወደ አገሩ ሲመለስ ግን መርከቡ በመንገድ ፈነዳች፤ ቦምቡን ያስቀመጠው ጋራክ የተባለ፣ በጣቢያው ልብስ ሰፊ ሆኖ የሚኖር የቀድሞ የካርዳሲያ ሰላይ ነው። ሮሙላኖች በስብርባሪው ውስጥ ቅጂውን አገኙት፤ ጉድለቱንም በፍንዳታው አሳበቡና በዶሚንየን ላይ ጦርነት አወጁ። ሲስኮ የሠራውን ሁሉ በድምፁ ከመዘገበ በኋላ መዝገቡን ደመሰሰው።

ይህን ክፍል በተማሪነታችን ጊዜ ስናየው አጨብጭበን ነበር። ዛሬ በየቢሮው ፋይል የምናገላብጥ ሰዎች ሆነናልና እጃችን እንደ ዱሮው ለጭብጨባ አልፈጠነም። ባልንጀራችን የዳኑትን በሚሊዮን፣ የሞቱትን በጣት ቆጠረልን፤ ቁጥሩን መካድ አንችልም። እንዲያውም ዶሚንየን አንድ ቀን ሮሙላኖችን መውረሩ የማይቀር ስለሚመስለን ሐሰቱ ከእውነት ብዙ የራቀ አልነበረም። ይሁን እንጂ ለጦርነቱ ልጆቻቸውን የሰጡት ሮሙላኖች ሌላ ሰው በጻፈላቸው ምክንያት ነው የሰጡት። በተከታታዩ ውስጥ ምሥጢሩ ሳይወጣ ድሉ ይገኛል፤ ፊልሙም እዚያው ላይ ይተወናል።

የእኛ ጨዋታ የቀጠለው ከዚያ ወዲህ ነው። ጦርነቱ ካለቀ ዐሥር ዓመት ሆኖታል እንበል። በሮሙላኖች ዋና ከተማ በአንድ መዝገብ ቤት ሥራ የጀመረ ወጣት ጸሐፊ፣ አለቃው ያረጁትን መዝገቦች እንዲለይ አዝዞት ሲያገላብጥ የዚያን ቅጂ ስብርባሪ ያገኛል። በተሻለ መሣሪያ ሲመረምረውም ጉድለቱ ከእሳት እንዳልመጣ ያያል። ቢናገር የሦስት መንግሥታት ወዳጅነት ሊፈርስ ነው። ዝም ቢል የአንድ ሴናተር ደምና የዚያ ሁሉ ወታደር ነገር በእርሱ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል።

ባልንጀራችን ሳያመነታ «ይዝጋውና ወደ ቦታው ይመልሰው» አለ። በአንድ መሥሪያ ቤት የሕግ ክፍል የምትሠራው ጓደኛችን «ለማን ብሎ? የሞቱት የእርሱ ወንድሞች አይደሉምን?» ብላ ተቆጣችው። እኛ ልንመልስ ስንል የሻይ ቤቱ አሳላፊ ወንበሮቹን በጠረጴዛ ላይ መገልበጥ ስለ ጀመረ ሒሳባችንን ከፍለን ተነሣን፤ ሁለቱ ግን እስከ አውቶቡሱ ማቆሚያ ድረስ ሲጨቃጨቁ ሄዱ።